የሱክዴዎ ሽበት

እዚህ ሕንድ አገር፣ ካንፑር ከተማ፣ በእኛ አደባባይ፣ የቀን ሠራተኛ ጠጉሩን የሚያጠቁረው ለጌጥ አይደለም። ጠዋት ተቋራጩ ሠራተኛ ሊመርጥ መኪናውን ሲያቆም እጅህን አያይም፣ ጭንቅላትህን ነው የሚያየው። ሽበት ካለ፣ "አባባ፣ ቤትህ ገብተህ ጸልይ" ብሎ ያልፍሃል፤ ጸሎት እንጀራ ይሆን ይመስል! ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ ሱክዴዎ እሑድ እሑድ ቀለም እንቀባ ነበር። እኔ ጢሜን ስቀባ ጉንጬም አብሮ ይጠቁራል። እሱ ግን የልስን ሠራተኛ ነውና ጠርዙን አያዛንፍም።

ባለፈው ክረምት ሱክዴዎ ሳይመረጥ ብዙ ሰነበተ። አንድ ጠዋት አንድ ጎረምሳ ተቋራጭ የሱን ጠጉር በጣቱ አሸት አደረገና የጠቆረ ጣቱን አይቶ፣ "ሽማግሌው፣ ራስህን ነው እንዴ የምትለስነው?" አለው። አደባባዩ በሳቅ ሞላ።

ከዚያ ወዲህ ሱክዴዎ የልስን ዕቃውን ይዞ በማለዳ ይወጣል፤ አደባባዩ ጋ ግን አይደርስም። ድልድዩ ላይ ተቀምጦ ይውልና ማታ፣ "ዛሬም አልተገኘም" ብሎ ይገባል። ሚስቱ ፉልማቲ በነጋታው የሮቲ ቂጣ ጋግራ ትቋጥርለታለች።

አንድ ቀን በር ላይ አስቆመችኝ። ባሏን የምትጠራው በልጃቸው በሙንያ ስም ነው።

"ወንድሜ፣ የሙንያ አባት ሥራ መፈለጉን ትቷል አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"ጠጉሩ። ሥሩ ነጭ ሆኗል። ሥራ የሚፈልግ ሰው እሑድን ይዘላል?"

 የተቀባ ጢሜን በእጄ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው እሑድ ቀለም ገዝታ በሳህን በጠበጠች። ግቢያችን አንድ ስለሆነ ሁሉን ሰማሁ።

"ና ተቀመጥ፣ የሙንያ አባት።"

"ለማን ብዬ ነው የምቀባው?"

"ለእኔ ብለህ።"

"አንቺማ ሽበቴን ታውቂዋለሽ። በቃኝ! ሳቃቸውን እንኳ እችለው ነበር። እነሱ እኮ ጠጉሬን እንጂ እኔን ጭራሽ አያዩኝም።"

ተነሥቶ ወጣ። የተበጠበጠ ቀለም ደግሞ ካደረ አይሆንም።

ሰኞ ጠዋት አደባባዩ ላይ፣ ጡብ ከሚሸከሙት ሴቶች መካከል አንዲት ጠጉሯ ከሰል የመሰለ ሴት አየሁ። ቀለሙ ጆሮዋን ሳይቀር ነክቶታል። ፉልማቲ ናት! ጉልበቷን ይዛ ካልሆነ ደረጃ የማትወጣ ሴት።

"እቴ፣ ምን ነካሽ?"

"ዝም በል። ዛሬ ለተቋራጩ አርባ ዓመቴ ነው።"

ተቋራጩ ሁለታችንንም ጫነን።

መኪናው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሱክዴዎ ሮቲውን ፈትቶ ተቀምጧል። አየኝና እጁን አነሣልኝ። ከዚያ አጠገቤ ያለችውን አየ። ፉልማቲ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። እጁ እንደተነሣ ቀረ። 

"አየኝ እንዴ?" አለችኝ ድልድዩን ስናልፍ።

"አላየሽም" አልኳት።

ማታ ስንመለስ ሱክዴዎ ውሃ አሙቆ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። እግሯን ይዞ ሳፋ ውስጥ አስገባና ጉልበቷን ማሸት ጀመረ። "ዛሬም አልተገኘም" አላላትም።