ሽቦና እምቢ ያለው ቁጥር

ይቅርታ ይደረግልኝ። እኔ የጋራዥ ዘበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ከታርጋ ቁጥር ያለፈም ጽፌ አላውቅም። የሽቦን ነገር ግን ሌላ የሚጽፈው ሰው ስለሌለ ደፈርኩ። ከተሳሳትኩ እለፉኝ።

ሽቦ የምንለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛችንን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሰምቶ ብቻ “ሞተሪኖው ነው”፣ “ባትሪው ነው” ሲል ኖሯል። ዘንድሮ የጋራዡ ባለቤት የምርመራ ማሽን አመጣለት። ከመሪው ሥር ይሰካና የመኪናዋን ጉድለት በስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ሽቦና ማሽኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጥና ድመት ሆኑ።

ከሁሉ ያንገበገበችው የገዛ ታላቅ እህቱ መኪና ናት። እህቱ ልጆች ትምህርት ቤት ታመላልሳለች። መኪናዋ በአንድ ወር ሁለቴ አልነሳም ብላ ልጆቹ ስላረፈዱ ወላጆቹ፣ “አንዴ ከደገመሽ ለሌላ ሹፌር እንሰጣቸዋለን” ብለዋታል።

ማሽኑ ሁለቴም “ቮልቴጅ ዝቅተኛ” አለ። ሽቦ መጀመሪያ ባትሪ ቀይሮ ጽሑፉን አጠፋ። ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ቀይሮ ጽሑፉን አጠፋ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ልጆቹን ለመውሰድ ሁለት ሰዓት ሲቀራት፣ እህቱ መኪናዋን አስጎትታ ከች አለች። ማሽኑ ያንኑ ደገመ።

“ይሄ ማሽን ነው በቀቀን?” አለ ሽቦ፣ ጨርቁን መሬት ላይ እየወረወረ።

“በቀቀኑስ ይናገራል፤ አንተ ነህ የማትሰማው” አለች እህቱ።

“እትዬ፣ ራሴን አታዙሪው! አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ዲናሞ! ምን ቀረኝ? መኪናዋን ልቀይርልሽ?”

“ብትቀይር አልጠላም። ስንቴ ልንገርህ፣ የሚብስባት ዝናብ ሲዘንብ ነው።”

“ዝናብና ዲናሞ ምን አገናኛቸው?”

“እኔ ምን አውቄ! ሲዘንብ መብራት አበራለሁ፣ መጥረጊያ እከፍታለሁ፣ ልጆቹ መስታወቱን በትንፋሽ ሲያጨልሙት ማራገቢያ እለቃለሁ።”

ሽቦ ሲሞክር ሁሉንም አጥፍቶ ነበር። በሌላ ባትሪ አስነሳትና የማሽኑን ጽሑፍ ትቶ የቮልቴጁን ቁጥር አየ፤ አሥራ አራት ነጥብ አንድ።

“አየሽ? ጤነኛ ናት!”

“መብራቱን አብራው እንጂ፣ አንተ ልጅ!” ሽቦ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

መብራቱ ሲበራ አሥራ ሦስት፤ መጥረጊያው ሲጨመር አሥራ ሁለት ተኩል፤ ማራገቢያው ሲለቀቅ ከአሥራ ሁለትም ወረደ። ሽቦ አሮጌውን የእጅ መለኪያ ዲናሞው ላይ አሳረፈ። እዚያ አሥራ አራት ነጥብ ሦስት ይላል።

“ዲናሞው ይሰጣል፤ መኪናዋ ጋ አይደርስም። መሀል ላይ የሚያስቀር አለ” ብሎ ከሥር ገባ።

ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ማሳ የሚባለው፣ ብሎኑ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ብሎኑን ሲፈታው ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ቀለም አየ። ባለፈው ወር እህቱን ላስደስት ብሎ ዝገቱን ፍቆ ቀለም የቀባው ራሱ ነው፤ ማሳውንም ቀለሙ ላይ አሰረው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

“ምን አገኘህ?” አለች እህቱ ከላይ።

“ማሳው ነው” አለ፤ ቀለሙን አልነገራትም። ብረቱ እስኪነጣ ፋቀው። ሁሉ ነገር በርቶ ቁጥሩ አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ቆመ። እህቱ መርቃው ወደ ልጆቹ በረረች። ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋው።

ኋላ እንደነገረኝ፣ በማግስቱ ማለዳ ማሽኑን በብብቱ ይዞ በሯ ላይ ቆመ።

“ቀለሙ ነው፣ እትዬ። እኔ የቀባሁት።”

“ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ነበሩ?”

“ደህና ነበሩ።”

ትክ ብላ አየችው። “ግባ። ለየወላጁ ራስህ ትነግራለህ።”

ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰክተው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለሙከራ መብራት አብርተው፣ መጥረጊያው ደረቅ መስታወት እየፋቀ ሄዱ። ሽቦ በየበሩ እየወረደ፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም” አለ። እየተመለሰ ሲገባ ልጆቹ ቁጥሩን አንብብልን ይሉታል፤ እሱም፣ “አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ” ብሎ ያነባል።