እናቴ ግድግዳው ላይ ስትመጣ

ከፒያሳ የወጣሁበት ምሽት፣ ታክሲው ውጭ ጡሩንባውን እየነፋ፣ አባዬ በመሐረብ የጠቀለለውን ነገር እጄ ላይ አኖረ። ሳልፈታው አወቅኩት። በሁለት ስስ መስታወት መካከል ያለች፣ መዳፍ የምታህል ባለቀለም ፊልም፣ ስላይድ ናት። ውስጧ እናቴ አለች።

አባዬ ፎቶ ቤት ይሠራ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ በበዓል ቀን አንሶላ ግድግዳው ላይ ይወጥርና ፕሮጀክተሩን ያበራል፤ የግቢው ሰው ይሰበሰባል። ስልክ ላይ ፎቶ የምታዩ ሰዎች፣ ይሄ ሌላ ነው። ፊልሙ ትልቅ ስለሆነ ሰው በቁመቱ ልክ ይመጣል፤ የነጠላዋ ክር እንኳ ይለያል። የተነሳችው በራችን ላይ ቆማ ነውና ብቅ ስትል ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፣ ለገባ ሰው እንደሚባለው። ሁሉም ይነሳል። አባዬ ስለ እሷ «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እያደር ልማዳችን ሆነ።

ከዚያ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጠለ። ከፒያሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ዞረን መሰሉን አጣን።

«እዚህ ጨለማ ውስጥ ይዣት ምን አደርጋለሁ፣ ሚጡ? ሰው አገር መብራት ካገኘሽ አንቺ እንኳ እያት። ግን ብዙ አታቆያት፣ ሙቀቱ ይጎዳታል» አለኝ አባዬ በዚያ ምሽት፣ መሐረቡን እጄ ላይ ሲያኖር።

ኤርፖርት ፈታሹ መሐረቡን ፈታ።

«እህት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እናቴ ናት።»

ወደ መብራቱ አንስቶ አያት። «ቪዛዋስ?» ጓደኛው ሳቀ። እኔ ዓይናፋር ነኝ፤ እንዲመልስልኝ እጄን ዘረጋሁ።

ቤይሩት ዳቦው እንደ ጨርቅ ስስ ነው፣ ኮምጠጥ አይልም። ሙቀቱ ልብስ ላይ ይጣበቃል። እንግዳ ሲገባ እነሳለሁ፤ አሠሪዬ ማዳም «ምነው፣ ልትሄጂ ነው?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ የሟች ባሏን ፕሮጀክተር አገኘሁ። እንደ አባዬ ፕሮጀክተር ትልቅ ስላይድ የሚያስገባ፣ አፈ ሰፊ ነው። ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌ ተያዘ! በመጨረሻ ስላይዷን ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«ልታጸጂ ነው የመጣሽው ወይስ ሲኒማ ልትከፍቺ?» አለች። ግን መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው።

እናቴ ነጩ ግድግዳ ላይ መጣች። እንደ ድሮዋ፣ በራችን ላይ፣ በቁመቷ። ፕሮጀክተሩ አጠገብ ከተቀመጥኩበት ሳላስበው ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ።

ማዳም ወደ በሩ ዞረች። «ማን መጣ?»

«በእግዜር» ብሎ የሚመልስልኝ አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩና ወደ ግድግዳው አዞርኩለት።

«ነጭ ብርሃን ብቻ ነው የማየው» አለ። «በሩ ላይ ናት?»

«ናት፣ አባዬ።»

«ነጠላዋስ?»

«ክሩ ሁሉ ይታያል።»

«ኖር አልሻት?»

«አልኳት። የሚመልስ አጣሁ።»

በስልኩ ውስጥ፣ ከፒያሳ፣ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል። ከዚያ አባዬ ስለ እሷ «በእግዜር» አለ።

ቆይቶም «በይ አጥፊው፣ ሙቀቱ ይጎዳታል» አለኝ። ጣቴን ማብሪያው ላይ አደረግኩ።

«አጠፋሽው?»

«አሁን፣ አባዬ» አልኩት። እናቴም እኔም እንደቆምን ነበርን።