ባዶ ነው ያልኩት ጣሳ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ የገዛሁትን ሳሙና የዋጋ ወረቀት በጥፍሬ ብልጠው፣ ከሥሩ ያነሰ ዋጋ ወጣ። የሙጫው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አዲስ ዋጋ ስለጥፍ ጣቶቼ ላይ ሳምንት ሙሉ ከርሟል።

አባቴ እዚሁ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ ሱቅ ነበረው። አንድ ማለዳ ዶላር መጨመሩን ሬዲዮ ተናገረ። አባቴ ቁርሱን ሳይጨርስ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገ፤ አዲስ ዋጋ እስኪቆርጥ ድረስም የውጭ ዕቃ ለጠየቀ ሁሉ የለም እንድል አዘዘኝ። ዕቃውኮ በድሮው ዶላር የገባ ነው ብዬ ተከራከርኩት።

"በድሮው ዋጋ ሸጬ በምን ልተካው?" አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ ዛሬም ይበልጥ የሚያበግነኝ ይኸው ነው። የሕፃናት ወተቱን ተሸክመን ጓዳ ከተትን። አንድ ጣሳ ግን መደርደሪያው ላይ ረሳሁ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በወሊድ ሞታባቸው የሁለት ወር የልጅ ልጃቸውን በጣሳ ወተት ያሳድጉ ነበር። ነጠላቸው ሕፃን ሕፃን ይሸታል። ከእኛ ሌላ ሱቅ አያውቁም፤ አባቴም ሁልጊዜ አንድ ሳሙና ይመርቅላቸው ነበር።

ወተት የለም አልኳቸው። ዓይናቸው ጣሳው ላይ አረፈ። ባለሱቅ ሁሉ ባዶ ጣሳ ለማሳያ ይደረድራልና ውሸቱ ለምላሴ አልከበደውም።

"እሱ ባዶ ነው እትዬ፣ ለማሳያ ነው።"

እጃቸውን ዘርግተው አነሱት። በሁለት መዳፋቸው እንደ መመዘን አድርገው ያዙትና ቀስ ብለው ቦታው መለሱት።

"እሺ ልጄ፣ እደጊ" ብለው ወጡ።

አባቴ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። እሱም አልወጣም፣ እኔም አልጠራኋቸውም። በነጋታው ጣሳውን አስይዞ ቤታቸው ላከኝ። እዚሁ አቅራቢያ ቱላ ያሉ ዘመዶቻቸው የላም ወተት እንደሚያመጡላቸው፣ እሱን እያቀጠኑ ሕፃኗን እንደሚያጠጧት ነግረው መለሱኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጉንጬን ይስሙኛል፤ ሱቃችን ግን ዳግመኛ አልገቡም።

ዶላሩን እረግማለሁ፣ ሬዲዮውን እረግማለሁ፣ ዛሬም በአንድ ሌሊት አዲስ ዋጋ የሚለጥፉትን ሁሉ እረግማለሁ። ያን ቀን ግን የለም ያለው የኔ አፍ ነው። እናደዳለሁ፤ ንዴቴም ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል።

ባለፈው ክረምት እትዬ አረፉ። ለቅሶ ቤት የልጅ ልጃቸው መጥታ አቀፈችኝ። ቁመቷ ከእኔ በልጧል።

"እማማ ስለ አንቺ ሁሌ ያወሩ ነበር" አለችኝ። "'በእጄ ከያዝኳቸው ሕፃናት ሁሉ የእሷ ክብደት ትዝ ይለኛል' ይሉ ነበር።"

ስለ ጣሳው አልነገሯትም ማለት ነው። እኔም አልነገርኳትም።