ዘግይቶ የተሰጣው ስምንት ቁጥር

መጀመሪያ የበደለኝ ሮብሌ ነው። ቡድናችን ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን በወረደበት ዓመት፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «የጠፉትን ማሊያዎች የሸጠቻቸው ሀበሻዋ ናት» አለ። በዚያ የሰው አገር የወደብ ከተማ አሰልጣኙ እሱ፣ አጣቢዋ እኔ ነበርን። ማሊያዎቹ ከራሱ መኪና ኋላ ሲገኙ ሳቀ፤ ይቅርታ ግን አላለኝም። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ። ቀጥሎ የምጽፈውን ግን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ተናግሬ አላውቅም።

አዲሱ የውድድር ዘመን ከመጀመሩ በፊት፣ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን በሚያነሳበት ወር፣ ሮብሌ የድሮዎቹን ተጫዋቾች አብዛኞቹን አሰናብቶ አዳዲሶችን መሞከር ጀመረ። ከዋራበሌ ሰፈር ዳሄር የሚባል ሰው መጣ፤ ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከም፣ ለኳስ ዕድሜው ገፋ ያለ።

እኔ ከኳስ የማውቀው እድፉን ነው። ዳሄር ሲጫወት ግን እጄ በአረፋ እንደተሸፈነ ቆሜ ቀረሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሌላው ሁሉ ኳሷን ያሳድዳታል፤ እሱን ግን እሷ ፈልጋው የምትመጣ ትመስል ነበር። ያ ሁሉ ነፋስ እንኳ የሱን ኳስ አላሳተም። ከአጥሩ ውጭ ሲፎጋገሩ የነበሩት የአገሬ ልጆች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮቹ፣ አጥሩ ላይ ተለጠፉ።

«ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ ታስደነግጠዋለህ!» አለው ጓደኛው።

ቅዳሴ መሃል የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ወረረኝ። ሮብሌ አጠገቤ ቆሞ፣ «ቡድኑን በዚህ ሰው ዙሪያ ነው የምሠራው» አለ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ያን ደስታውን ጠላሁት።

ሮብሌ አንድ ልማድ ነበረው። ሰውን ፊት ለፊት «አልፈለግንህም» ማለት ከዘመድ አዝማዱ ጋር ያጣላል ብሎ ስለሚፈራ፣ የመረጣቸውን ለኔ ብቻ ይነግረኛል። እኔ የተመረጡት በሙከራው የለበሱትን ማሊያ ብቻ አጥቤ አርሂባ ሰፈር፣ ሜዳው ዳር ባለው ሽቦ ላይ አሰጣለሁ። ቁጥሩን ያገኘ ያነሳል፤ ያጣ ዝም ብሎ ይሄዳል። መጠየቅ ነውር ነው።

የዳሄር ስምንት ቁጥር ነበር። እኔ አጠብኩት። እኔ ጨመቅኩት። እኔው ሳፋ ውስጥ ደበቅኩት።

ዳሄር ከሁሉም ቀድሞ ማልዶ መጣ። ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ተመልሶ ደግሞ አየ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«ኤዶ» አለኝ፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው፤ «ኤዶ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ የነጣ ማሊያ ለብሼ አላውቅም።»

ሄደ። ሰው ልቡ ተሰብሮ እንዴት ያመሰግናል? እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ልጠራው እችል ነበር። ማሊያው እግሬ ሥር ነበር። አልጠራሁትም።

ሮብሌ ሲደርስ ስምንት ቁጥርን ከሌሎቹ መሃል አስጥቼዋለሁ።

«ዳሄርስ?»

«መጥቶ፣ አይቶ ሄደ። የናቀህ ይመስለኛል።»

«እኔን የናቀ ሰው ደጅ አልረግጥም!» አለ፤ እውነትም አልረገጠም። ኩራቱን አውቀው ነበርና በገዛ ኩራቱ ቆለፍኩበት።

ተበቀልኩ። ግን ማንን? ሮብሌ ጥቂት ተበሳጭቶ ማሊያውን ለሌላ ሰጠ፤ ዳሄር ወደ ጆንያው ተመለሰ፤ በየትኛውም ሜዳ ዳግም ሲጫወት ያየው የለም። ሮብሌን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ዳሄርስ ምን በደለኝ? ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም ነበር አልላችሁም። አውቅ ነበር። ያን ጨዋታ ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሬ ስመለስ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ዳሄር አገኘኝ። ሸብቷል። ሻንጣዬን ከእጄ ወስዶ እየተሸከመልኝ፣ አብራው ለነበረችው ልጁ፣ «ማሊያዬን ታጥብልኝ የነበረችው ኤዶ ይህች ናት» አላት።

ባቡሩ እስኪነሳ ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ሻንጣዬን ተቀበልኩት፤ አመሰገንኩት፤ ገብቼ ተቀመጥኩ።