ለማሽኑ ያሰፋሁት ልብስ

መርሳ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወንበር ሲሰበር፣ ቁልፍ ሲጠፋ፣ አምፖል ሲቃጠል የሚፈለገው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የቆየ ሰው አንድ አመል ያወጣል፤ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ከራሱ ዕቃ አብልጦ ይሳሳለታል። ባለቤቴ ለቤታችን ሶፋ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው፤ ሶፋው ላይ የንብረት ቁጥር አልተለጠፈበትም።

አሮጌው ፎቶ ኮፒ ማሽናችን ወረቀት እየጎረሰ አልተፋም ባለ ጊዜ፣ የሚያትምም፣ ኮፒ የሚያደርግም፣ ስካን የሚያደርግም አንድ አዲስ ማሽን እንድንገዛ ተፈቀደ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመና እኔም አንዱ ሆንኩ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ስልካቸው ላይ የማሽን ፎቶ እያገላበጡ፣ ትልቁንና በጣት የሚነካ መስታወት ያለውን መረጡ። እኔ ግን የሚያምረውን ከመግዛታችን በፊት የሚጠግነውን ሰው እንጠይቅ አልኩና በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ ወልድያ ገባሁ። በዚያ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ከዚያ በኋላ በሠራሁት ግን አልኮራም።

ጠጋኙ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም፤ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ ውስጡ ያለው ዕቃ በእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ወልድያም መርሳም ያለ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል።

ስለ ማሽኖቹ ዓይነት ማስረዳት ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። በቀን ስንት ወረቀት ነው የምታትሙት አሉ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወይ ወደ ጓሮ? መብራት ሲሄድ ቀስ ብሎ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም ብሎ? ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ማሽኑ ጋ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጸሐፊያችን ናት አልኳቸው።

«ሥራዋን አልጠየቅኩህም። ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ነገሩ ቢገርመኝም ስለ እሷ ለመናገር አልተቸገርኩም። ጸሐፊያችን የሀብሩ ልጅ ናት፤ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ወረቀት ከእሽጉ አውጥታ ዝም ብላ አትከትም፤ መጀመሪያ በሁለት እጇ ታራግበዋለች፣ ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋ ታስተካክላለች፣ በክረምት ከሆነ ደግሞ እርጥበት እንዳይዘው እሽጉን በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታሳድረዋለች። ከአሮጌው ማሽን ድምፅ ብቻ ተነስታ ቶነሩ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ትነግረኝ ነበር። አንድ ቀንም ተሳስታ አላየኋትም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። መካከለኛውን፣ መስታወት የሌለውንና በቁልፍ የሚሠራውን እንድንገዛ መከሩኝ፤ ቶነሩ ወልድያ ይሞላል፣ መለዋወጫውም እሳቸው ቆርቆሮ ውስጥ አለ። የማይበላሽ ማሽን እንደሌለ፣ ትልቁ ነገር በተበላሸ ዕለት ከፍቶ የሚያየው ሰው ቅርብ መሆኑ እንደሆነ አስረዱኝ። ኮሚቴውን አሳምኜ እሱኑ አስገዛሁ። ሲመጣ ራሳቸው መጥተው ተከሉት፤ ስልክ ቁጥራቸውንም በፕላስተር ላይ ጽፈው ከማሽኑ ጎን ለጸሐፊዋ ለጠፉላት።

ከዚህ በኋላ ነው የእኔ አመል የተነሳው።

የእኛ ቢሮ መስኮት ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይገባል። አዲሱ ማሽን ነጭ ነበር፤ በሳምንቱ ጀርባው ላይ በጣቴ ስም ልጽፍበት የምችል አቧራ አየሁና ልቤ ተቃጠለ። እኛ አገር ሰው የወደደውን ዕቃ ያለብሳል፤ ቴሌቪዥኑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ራዲዮኑን ሁሉ። እኔም ሜትር ይዤ ማሽኑን ለሠርግ ሱሪ እንደሚለካ ሙሽራ ዙሪያውን ለካሁት። መርሳ ገበያ ወፍራም ወይን ጠጅ ከፋይ ገዝቼ ለልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ወረቀት የሚገባበትና የሚወጣበት ብቻ ተቀደደለት። ባለቤቴ ደግሞ ጠርዙን በነጭ ዳንቴል ዞረችበት። የሌላ ክፍል ሠራተኞች ሳይቀሩ እየመጡ አዩት። አንዷ ከኔ ቀሚስ ይበልጣል አለች።

ጸሐፊዋም አመሰገነችኝ፤ እኔንም ጋሼ ነው የምትለኝ። ግን በሁለተኛው ቀን ቢሮዬ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይታፈንም ወይ? ሲሠራ ጀርባው ይግላል» አለችኝ።

የመለስኩላትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «አንቺ ጽሕፈትሽን ተመልከቺ፤ ንብረቱን ለእኔ ተዪው። ሲሠራም ቢሆን እንዳታነሺው» አልኳት። እሷም እሺ ብላ ሄደች። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ከዚያ ማሽኑ መቆም ጀመረ። ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ብዙ ወረቀት ሲደራረብበት ቀይ መብራት አብርቶ ቀጥ ይላል። ምሳ በልተን ስንመለስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። ሠራተኛው እሱም የምሳ እረፍት ይፈልጋል እያለ ሳቀ። እኔ መብራቱን ጠረጠርኩና ስታብላይዘር አስገባሁ። ወረቀቱን ጠረጠርኩና ሌላ ዓይነት አስመጣሁ። ያንን ልብስ ግን አልጠረጠርኩም፤ የገዛ እጄን ሥራ መጠርጠር አልለመደብኝም።

ሦስተኛ ጊዜ የቆመው አለቃችን ለስብሰባ የሚይዘው ሪፖርት ግማሹ ታትሞ ግማሹ ሳይታተም ነው። አለቃችን ከእኔ በዕድሜ ያነሰ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ቁጡ ሰው ነው። ከቢሮው ወጣና ማሽኑ አዲስ እንደሆነ፣ የምትነካውም ጸሐፊዋ ብቻ እንደሆነች ሁላችን ባለንበት ተናገረ። ጠጋኙ መጥቶ ይየው፤ ችግሩ የአያያዝ ከሆነ እሷ ውርጌሳ ወዳለው ቅርንጫፋችን ትዛወራለች፣ በቦታዋ ሌላ ሰው ይመጣል አለ።

ውርጌሳ ሩቅ አገር አይደለም። ለእሷ ግን ሩቅ ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ጸሐፊዋ በየቀኑ በስድስት ሰዓት ለምሳ ስንወጣ ሮጣ ሄዳ እናቷን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ጎኗ እንዳይቆስል ታገላብጣታለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትመጣለች። ሌላ እህትም ወንድምም የላትም። ይህን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ከሰዓት ወልድያ ደውዬ ጋሼን ለማግስቱ ጠራኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ትንሽ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። እኔ እስካሁን ያየኋቸው ጠጋኞች ገና ከመግባታቸው ካቻቢቴ ያወጣሉ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና ጸሐፊዋን እንደ ሁልጊዜው ሥሪ አሏት። እሷ ልብሱን ሳትነካ ማተም ጀመረች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አንዴ እጃቸውን በልብሱ ሥር አስገብተው የማሽኑን ጀርባ ዳሰሱ፤ ሐኪም ትኩሳት እንደሚያይ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ አዳመጡ። አለቃችንና ሌሎች ሠራተኞችም በሩ ላይ ቆመው ይመለከታሉ። ቀይ መብራቱ በራ፤ ማሽኑ ቆመ።

ጋሼ ተነሱና ልብሱን ቀስ ብለው አወለቁት። አልወረወሩትም፤ አራት አጣጥፈው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። የእጅ ሥራው ጥሩ ነው አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ከዚያ የጀርባውን ክዳን ፈትተው ማራገቢያውን አሳዩን። መተንፈሻው በሙሉ በወይን ጠጅ የከፋይ ብናኝ ተደፍኗል። በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ጠረጉት፤ የቀረውን በብሎወር ነፉት፤ የደረቀ ቦታ ሲያገኙ ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረጉ። ወፍራም ጣታቸው እንዲያ ቀጭን ሥራ ሲሠራ ማየት ያስደስታል። ሁሉንም ገጥመው ድጋሚ ሥሪ አሏት። ሪፖርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆም ወጣ።

አለቃችን ምክንያቱን ጠየቀ። ጋሼ ሙቀት ነው አሉ፤ ሲሠራ ልብስ ላዩ ላይ ነበር፣ አየር አጣ።

«ሲሠራ ማን ነው ያላነሳው?» አለ አለቃችን።

ሁሉም እሷን አየ። እሷ ወረቀቱን ታስተካክላለች። እኔ ከፋዩን እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ። አፌን ልከፍት ፈልጌ ነበር፤ ግን እዚያ ቤት ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ አንድም ዕቃ በእኔ እጅ ተበላሸ ተብሎ አያውቅም፤ እሱን ስም ማጣት ፈራሁ። ፈሪነት ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። አለቃችን የጥገናው ቅጽ ተሞልቶ እንዲመጣለት፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የዝውውሩን ደብዳቤ ከሰዓት እንደሚጽፍ ተናግሮ ወደ ቢሮው ገባ።

ጋሼን ቅጹን እንዲሞሉ ወደ እኔ ክፍል ወሰድኳቸው። ምን እንደተበላሸ ጻፉ። ምን እንደተደረገ ጻፉ። «ለብልሽቱ ምክንያት የሆነ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይሄን ቦታ እኔ አልሞላውም፤ ውሸትም አልጽፍም» አሉኝ። «ማሽኑ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ልብሱ እንዳይነሳ ማን እንዳዘዘ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው።»

ዓይናቸውን ከእኔ አንስተው በመስኮት ወደ መንገዱ ማየት ጀመሩ፤ ሳያዩኝ እንድጽፍ ብለው ይመስለኛል። እኔም ጻፍኩ። ማሽኑ ሲሠራ ልብሱ እንዳይነሳ ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጸሐፊዋ እንደሚግል አስቀድማ ነግራኝ እንዳልሰማኋት ጻፍኩና ፈረምኩ። ቅጹን ራሴ ይዤ አለቃችን ዘንድ ገባሁ። ሁለቴ አነበበው። ለምን ቅድም እንዳልተናገርኩ ጠየቀኝ። ፈርቼ ነው አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ የጠበቀ አይመስለኝም፤ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝውውሩ ቀርቷል፣ ለእርስዎ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥዎታል አለኝ። አጥፍቻለሁና አልተከራከርኩም።

ጋሼን ሚኒባስ ላሳፍር ወደ መንገዱ ሸኘኋቸው። ብዙ ጠጋኝ አይቻለሁ፤ ማሽን ሲጠግን ሰው የማይሰብር ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ይህንኑ እየተኮላተፍኩ ነገርኳቸው። ልብሱ እንዳይነሳ ያዘዝኩት እኔ መሆኔን እንዴት እንዳወቁም ጠየቅኳቸው።

«ትናንት ማታ ደወለችልኝ» አሉ። «ልብሱ ነው ጋሼ፣ የንብረት ኃላፊው ናቸው እንዳይነሳ ያሉኝ፣ ግን አለቃው ፊት እንዳያሳፍሩብኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው አለችኝ። እኔ ደግሞ ቃሌን ሰጠኋት። ስለዚህ መስመሩን ላንተ ተውኩት።»

ሚኒባሱ መጣ፤ ገቡና ሄዱ። እኔ ወደ መሥሪያ ቤቱ በፍጥነት ተመለስኩ። ጸሐፊዋ አዲስ ወረቀት እያራገበች ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። ጋሼ የነገሩኝንም አልደበቅኳትም።

ወረቀቱን መታ መታ አድርጋ አስተካከለችና ወደ ማሽኑ ከተተችው።

«አብሽሩ ጋሼ፣ አውፍ ብዬ ትቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ግን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር የምጠብቅዎት። ከዚያ ወላሂ ራሴ ገብቼ ልናገር ነበር። እናቴን የሚያገላብጥልኝ ሌላ ሰው የለኝም።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ይላል።