አንድ ጥቁር መስታወት ለሁሉም መንገድ

ሰክሮ ነዳ ብለው ጻፉብኝ። አልሰከርኩም። ወረቀቱን ማንበብ ስለማልችል አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩበት፤ ሞተሬን ቀምተው የበር ዘበኛ አደረጉኝ።

ሥራ የጀመርኩት ናዝሬት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሞተር መልእክተኛ ሆኜ ነው። የሚደርስበትን ቢሮ በቃል እየነገሩኝ እስከ ሻሸመኔ ደብዳቤ አደርስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንጋፋው ሞተረኛ ኦቦ ቱሉ ባለ ላስቲክ መነጽር ሰጡኝና ሦስት ተቀያሪ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። ጥቁሩ ለቀትር፣ ቢጫው ለደመናና ለአቧራ፣ ነጩ ለምሽት።

«ግራ ከገባህ ቁምና ዛፍ ሥር ያሉትን ፍየሎች ቁጠር» አሉኝ። «መቁጠር ካቃተህ መስታወቱ ጠቁሮብሃል፤ ቀይር።»

«ፍየል ከሌለስ?»

«በዚህ አገር ፍየል የሌለበት ዛፍ ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ።»

እየቆጠርኩ ሦስት ዓመት ነዳሁ። መቂ ላይ ጥቁር፣ ዝዋይ ሲደምን ቢጫ። አንድ ቀንም አልወደቅኩም።

ከዚያ አዲስ የስምሪት ኃላፊ መጣ። ቢጫውንና ነጩን ሰብስቦ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።

«ስንት ዓይን አለህ?» አለኝ።

«ሁለት፣ ጓድ።»

«ታዲያ ሦስት ዓይነት መስታወት ምን ይሠራልሃል? ብክነት ነው።»

ሰውዬው ፀሐይን የሚያውቃት በቢሮው መስኮት ነው።

በሳምንቱ፣ ወደ ማታው ላይ፣ ላንጋኖ ዳር ፀሐይ ዓይኔን እየወጋችኝ ነድቼ ድንገት የመንገዱ ዳር ግራሮች ጥላ ውስጥ ገባሁ። በጥቁሩ መስታወት ጥላው ጉድጓድ መሰለኝ። መሀል መንገድ ላይ አህያ ቆማ ነበር። አህያዋ ምንም አልሆነችም፤ ሄዳ ሣሯን ጋጠች። የእኔ ክንድ ተሰበረ፤ የሞተሩ የፊት ጎማ ተጣመመ።

ሪፖርቱን ያዘጋጀው ኃላፊው ነው። ምን እንደሚል ስጠይቀው «አህያ መግጨትህን ነዋ» አለኝ። አተምኩ።

ሁለት ዓመት በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ቆይቼ አንድ ቀን መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይሌን አስወጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ «ሰክሮ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አቤቱታዬን በዚያው ዕለት ጻፍኩ፤ ግማሹ ስርዝ ድልዝ ነበር።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ አስቴር «ቦታውን አሳየን» አለችኝ። ቦታው ላንጋኖ መሆኑ ሲሰማ ኮሚቴው በሙሉ ለመሄድ ፈቃደኛ ሆነ። አንዱማ የዋና ቁምጣ ይዞ መጣ።

ያኔ አደጋው በደረሰበት ሰዓት ላይ፣ በጓድ አስቴር ትእዛዝ ኃላፊው ጥቁሩን መነጽር አድርጎ ከኦቦ ቱሉ ኋላ ተፈናጠጠ። እኔ ቀድሜ ሄጄ አህያዋ የነበረችበት ቦታ ቆሜያለሁ። ኦቦ ቱሉ በፀሐዩ ወስደውት ወስደውት የመጀመሪያው ግራር ሥር አቆሙት። ጓድ አስቴር እዚያው ትጠብቅ ነበር።

«ይታይሃል?» አለችው።

«ጥርት ብሎ ይታየኛል። መንገዱ ባዶ ነው።»

«እኔስ፣ ጓድ?» አልኩት ከአሥር እርምጃ ላይ።

ኦቦ ቱሉ ሳቃቸው እንዳይሰማ ሞተሩን አስነሱ።

መነጽር ስትመርጡ በመንገዳችሁ ላይ ላለው ጨለማ ቦታ ምረጡ። ፀሐይ ከወጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሌሎቹን መስታወቶች ኪሳችሁ ያዙ፤ ቁም ሣጥን አይነዳም።

«ሰክሮ» የሚለው ተሰርዞ ሞተሬ የተመለሰልኝ መጋቢት 9 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።