ጨው ያልገባበት መዝገብ

ጥሩሐረግ ወልደ ሐዋርያት ሰቆጣ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ያለ ፈቃድ አልቀረችም፤ ለማንም ተማሪ ግማሽ ነጥብ በውለታ አልጨመረችም። ይህን የምጽፈው እንድታመሰግኗት አይደለም። ባለፈው ዓመት አጭበርባሪ ሊያሰኟት የተሰለፉት ሰዎች ይህን ሁሉ እያወቁ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ትምህርት ቤቱ የተማሪ ውጤት በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ሥርዓት አስመጣ። አንድ ባለከረቫት መጥቶ «እጅግ አስተማማኝ ነው» አለ፣ ተጨበጨበለት፣ ሄደ። መምህራኑ እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው የማያውቀው የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ታዘዙ።

ጥሩሐረግ የመሪጌታ ልጅ ናት። በመሪጌታ ቤት ያደገ ሰው «ማንም የማያውቀው ቃል አምጣ» ሲባል ብዙ አያስብም፤ የክርስትና ስሙን ያስገባል። የሷን ስም የሚያውቁት ያጠመቋት ቄስ፣ ወላጆቿና የክርስትና እናቷ ብቻ ናቸው። «ስምሽን ያገኘ መተተኛ አንቺኑ አገኘ ማለት ነው» እያሉ ነው አባቷ ያሳደጓት። መተቱን ብዙም አታምንበትም፤ ስሙን ግን ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ያንን አስገባች። ግማሹ መምህርም እንዲሁ አደረገ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ያላቸው ትልቁ ምስጢር እሱ ነበር።

ሰኔ ላይ የአንድ ተማሪ የባዮሎጂ ውጤት ከሠላሳ ስምንት ወደ ሰባ አንድ ዘሎ ተገኘ። የተቀየረው በጥሩሐረግ ይለፍ ቃል ነው ተባለ።

«ይለፍ ቃልሽን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አሏት ርእሰ መምህሩ አቶ ንጋቱ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ቀያሪዋ አንቺ ነሻ!»

«ያን ቀን ጋዝጊብላ ወረዳ ፈተና ስፈትን ነበር። የላኩኝም እርስዎ ነዎት።»

«ስልክሽን ጥለሽ ነው የሄድሽው? ከስልክም ይገባል።»

በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ካላቀረበች ከሥራ እንደምትሰናበት ነገሯት። ክሱንም ተማሪ ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ሳያፍሩም ማስረጃ ብለው ከመዝገቡ የታተመ ወረቀት አያያዙበት፦ በግራ የመምህራኑ ስም፣ በቀኝ ማንም የማያነበው የፊደልና የቁጥር ዝርግፍ። ያንን ወረቀት ከለጠፉት አንዳቸውም ቢሆኑ አስተውለው አላዩትም ብዬ መማል እችላለሁ።

ያየችው ዘኪያ ናት። ዘኪያ ገበያው ዳር ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ኮሌጅ አልገባችም፣ የተማረችው የተበላሸ ዕቃ እየፈታች ነው። ጥሩሐረግ የወረቀቱን ፎቶ ይዛላት ሄደች።

«ይኼ ዝርግፍ ምንድነው?»

«ሃሽ ይባላል። ማሽኑ ይለፍ ቃልሽን ፈጭቶት ነው። ዱቄቱ ተመልሶ እህል አይሆንም።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!»

«ቆይማ፣ መምህርት። ያንቺ መስመር ይኸው። ይኼኛውስ የማን ነው?»

የካሤ ነበር፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ። ሁለቱ መስመሮች ፊደል በፊደል አንድ ናቸው።

«ከአንድ ዓይነት እህል አንድ ዓይነት ዱቄት ነው የሚወጣው» አለች ዘኪያ። «ይለፍ ቃላችሁ አንድ ነው። ይህን ገጽ ሁልጊዜ የሚያየው ደግሞ እሱ ነው። የራሱን መስመር ካንቺ ስም አጠገብ ካየ ምን መስበር ያስፈልገዋል? ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።»

«የወንድ ስም ከእኔ ጋር እንዴት አንድ ይሆናል?»

«የእናቱን የክርስትና ስም አስገብቶ ይሆናላ! እናንተ ደግሞ መቶ ሆናችሁ አንድ ስም ትደብቃላችሁ።»

ጥሩሐረግ ሳቋ አመለጣት። በሳምንቱ ውስጥ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ዘኪያ የሥርዓቱ ሠሪ ምን እንዳጎደለ አስረዳቻት። ከመፈጨቱ በፊት በእያንዳንዱ ሰው ቃል ላይ ማሽኑ በዘፈቀደ ያወጣው ልዩ ነገር ይጨመርበታል፤ ባለሙያዎቹ ጨው ይሉታል። ለሷ ሌላ፣ ለካሤ ሌላ። ያኔ ቃላቸው አንድ ቢሆን እንኳ መስመራቸው አይመሳሰልም።

«ኮከብ ቆጣሪ የእናትሽንም ስም የሚጠይቀው ለዚህ አይደል?» አለች ጥሩሐረግ። «በስም ብቻ ቢቆጥር ሞክሼ ሁሉ አንድ ኮከብ ይወጣለት ነበር።»

«አየሽ! ያ ባለከረቫት ይህን እንኳ አላሰበም።»

አላሰበም! ረቂቅ ሳይንስ እኮ አይደለም፤ ራሷን በራሷ ያስተማረች ሴት በአንድ ከሰዓት የምታስረዳው ነገር ነው። ፍሬን ሳይገጥም መኪና የሚሸጥ ሰው ይታሰራል፤ ይህ ግን ተጨብጭቦለት ሄደ። ዕድሜ ልኳን አሞሌ ጨው ሲያልፍባት ለኖረች ከተማ ጨው የሌለው ነገር ሸጠላት።

በሰባተኛው ቀን ጥሩሐረግና ዘኪያ የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረቡ፤ ካሤም የመዝገቡን ኮምፒውተር ይዞ ተቀምጧል።

«ስልክ ጠጋኝ አልጠራንም» አሉ አቶ ንጋቱ።

«ባለመጥራታችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት» አለች ዘኪያ።

ወረቀቱን አሳየቻቸው። አልገባቸውም፤ እንዲገባቸውም አልፈለጉም። «መምህርቷ ይለፍ ቃሏን ትናገርና ከካሤ ጋር እናስተያየው» አሉ።

«ሥራዬን ውሰዱት እንጂ እሱን አልናገርም» አለች ጥሩሐረግ።

«ማንም ምንም አይናገር» አለች ዘኪያ። «አቶ ካሤ፣ እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ የመምህርቷ ስም ተጽፏል። ከሥሩ የራስዎን ይለፍ ቃል ያስገቡ። ፊታችንን እናዞራለን።»

ካሤ ጻፈ። «ይኸው፣ አይከፍትም!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ጥሩ። አሁን ያንኑ በራስዎ ስም ያስገቡት።»

የራሱንም አልከፈተም። ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ።

«የራስዎን እንኳ የማይከፍት ቃል የራስዎ አይደለም» አለች ዘኪያ። «የእውነቱን ያስገቡ።»

ካሤ በኽምጣንጋ፣ በአገሬው አገውኛ፣ አንድ ነገር አጉተመተመና እንደገና ጻፈ። የራሱ ተከፈተ። ያንኑ በጥሩሐረግ ስም አስገባ ተባለ፤ አስገባ። ስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ መምህርት ጥሩሐረግ» የሚል ወጣ።

በማግስቱ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ሰጧት። ደብዳቤውን መለሰችላቸው።

«ከሥራ አልተባረርሽ፣ ምን ቀረሽ?» አሉ አቶ ንጋቱ።

«ውጤቱን የቀየርኩት እኔ እንዳልሆንኩ ይጻፍልኝ። ክሱ በተለጠፈበት ይለጠፍ።»

ሁለት ቀን ከክፍል መልስ በራቸው ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ጻፉት፤ ለጠፉት። ካሤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ እዚያም መዝገብ ሰጡት።

ሥርዓቱስ ተስተካከለ? ማን ያስተካክለዋል! አቶ ንጋቱ ያመጡት መፍትሔ እያንዳንዱ መምህር አዲሱን ይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ ለቢሮ እንዲያስረክብ ነው። መምህራኑ ተሰልፈው አስረከቡ። ጥሩሐረግም ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከፊርማዋ በስተቀር ባዶ ነበር።